ረቡዕ ቀን የተጠጣ ወተት

ይህ ነገር የገጠመኝ አምና በጥር ወር፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ነገር ረስቻለሁ። ያቺ አንዲት ኩባያ ወተት ግን ከዓይኔ ልትጠፋ አልቻለችም። በወተት የሚደነግጥ ሰው አለ ወይ ብሎ የሚስቅብኝ ካለ ይሳቅ፤ እስከ መጨረሻው ያንብብልኝ እንጂ አልቀየመውም።

የምኖረው ደብረ ታቦር ነው። ከዐረብ አገር ከተመለስኩ አራት ዓመት ሆነኝ፤ በአንዲት ጠባብ ክፍል የሴቶች ልብስ እሰፋለሁ። ከደንበኞቼ ጋር ስሆን ምላሴ ከስፌት መኪናዬ ጋር ይሽቀዳደማል። የተማረ ሰው ፊት ስቀርብ ግን ድርቅ እላለሁ። ትምህርቴን ያቋረጥኩት ከስምንተኛ ክፍል ነው። ዐረብ አገርም ስድስት ዓመት ሙሉ የተናገርኩት ቢሰበሰብ “እሺ” ከምትል ቃል አያልፍም። እናታችንም “ዝም አይነቅዝም” እያለች ነው ያሳደገችን።

ታላቅ ወንድሜ መሪጌታ ላቀው ከገሳይ ወደ ጉና ተራራ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች ቤተ ክርስቲያን የዜማ መምህር ነው። እኔ ወንድምዓለም እለዋለሁ። ደግ ሰው ነው፤ በጾም ግን ከማንም ጋር አይደራደርም። ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምስም፤ ከዘጠኝ በኋላም ቢሆን ወተት፣ ቅቤ፣ ሥጋ የሚባል ነገር ወደ አፉ አይደርስም። ልጅ ሆኜ በጾም ቀን አይብ ስቀምስ አግኝቶኝ ለአንድ ሳምንት አላናገረኝም ነበር። ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ እውነቱን ለመናገር እስከ ዛሬ ቅር ይለኛል።

መጀመሪያ ሲታመም ድዱ ይደማ ነበር። ዜማ ሲጀምር ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ሳይመታ ገላው ላይ ሰንበር ይወጣል። ጉና ላይ በሽታ ሁሉ ብርድ ስለሆነ እሱም “ብርድ ነው” ተባለ። በኋላ ደሙ ሲመረመር አጣዳፊ የደም ካንሰር ሆኖ ተገኘ። አዲስ አበባ ወስደነው ከስድስት ወር በላይ ታከመ። ጸጉሩም ጢሙም ረገፈ፤ ግን ዳነ። ወደ ተማሪዎቹ ተመልሶ ሲያስተምር አገሩ ሁሉ እልል አለ። ዓመት ሳይሞላው ደብረ ታቦር ላይ ለክትትል ደሙን ተመረመረ፤ በሽታው ተመልሷል ተባለ። የፈሩት ይደርሳል የሚባለው እውነት ነው።

አዲስ አበባ ታክመው የነበረችው ዶክተር ይህን እንደሰማች ስልክ ደወለች። ቤተሰቡ እኔ ክፍል ተሰብስቦ ነበርና ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። የቀድሞው መድኃኒት ለተመለሰ ካንሰር እምብዛም እንደማይጠቅም፣ ነገር ግን እነሱ ዘንድ በጥናት ላይ ያለ አዲስ መድኃኒት እንዳለ ነገረችን።

“መድኃኒቱ ካንሰሩን ራሱ አይገድለውም” አለች። “መሪጌታ፣ የሰውነትዎ ዘበኞች ሌባውን ዘመድ መስሏቸው ያሳልፉታል። ይህ መድኃኒት በአንድ እጁ ዘበኛውን፣ በሌላው ሌባውን ይዞ ፊት ለፊት ያገናኛቸዋል። ከዚያ በኋላ ሥራው የዘበኛው ነው።”

“ያድነዋል ወይ?” አሉ አጎታችን አያ ደሴ። ለዚህ ጉዳይ ሲሉ ከገሳይ የመጡ ናቸው።

“አባቴ፣ አላውቅም” አለቻቸው። “የምናጠናውም ያንን ለማወቅ ነው።”

ከዚያም አደጋውን ሳትደብቅ ነገረችን። ትኩሳት ሊያመጣ ይችላል፤ ከሁሉ የሚያስፈራው ግን አእምሮን የሚያደናግርበት ጊዜ አለ። ቶሎ ከተደረሰበት መድኃኒቱን አቁሞ ሰውየውን መመለስ ይቻላል። ከዘገየ ግን ሰው ሊሞት ይችላል። እንዲህ ዓይነት ሐኪም አይቼ አላውቅም ነበር። “አይዞህ፣ ትድናለህ” ብትል ኖሮ ይቀላት እንደነበር ዛሬ ይገባኛል።

ስልኩ እንደተዘጋ አያ ደሴ ተቆጡ። “ሰው እንደ አይጥ ይሞከርበት? አይደረግም! ወንዛዬ ወስደን ፍል ውሃውን እናስነክረዋለን፤ የቀረውን ፈጣሪ ያውቃል።”

ወንድሜ ረጋ ብሎ “አያ፣ አይቆጡ” አላቸው። “አምና ያዳነኝ መድኃኒትም ከሰማይ አልወረደም። መጀመሪያ የሆነ ሰው ላይ ተሞክሮ ነው እኔ ዘንድ የደረሰው። ያን ሰው ስሙን እንኳ አላውቀውም። ይዳን፣ ይሙት፣ አላውቅም። ተራው የእኔ ነው።”

አያ ደሴ ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ።

የስምምነቱን ቅጽ በስልክ ላኩልንና ፕሪንት አስደረግሁት። አሥራ ዘጠኝ ገጽ ነው። እኔ ብሆን መፈረሚያዋን ፈልጌ እፈርምና እገላገል ነበር። እሱ ግን ሁለት ቀን ሙሉ እርሳስ ይዞ ተቀመጠበት። ድሮ የመጽሐፍ ትርጓሜ የተማረ ሰው ነውና እያንዳንዷን መስመር “ይህ ምን ማለት ነው? አንድም እንዲህ ነው፤ አንድም እንዲያ ነው” እያለ አመሰጠራት። አዲስ አበባ ስንደርስ ዶክተሯን የጠየቃት የመጀመሪያ ጥያቄ ይህ ነበር፦ “በማንኛውም ጊዜ ከጥናቱ መውጣት ይችላሉ ይላል። ከወጣሁ ሌላውን ሕክምናዬን ትነፍጉኛላችሁ?”

“በፍጹም! ይኸው ገጽ አሥራ ሁለት ላይ ተጽፏል እኮ” አለችው ገልጣ እያሳየችው።

“አይቼዋለሁ። እርስዎም አንብበውት እንደሆነ ለማወቅ ነው” አላት። ዶክተሯ እስኪያስላት ድረስ ሳቀች። እኔ በሃፍረት መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

መድኃኒቱ በደም ሥሩ ቀንም ሌትም ሳያቋርጥ የሚገባ ነው፤ አንዲት ትንሽ ማሽን ጠብ ጠብ እያደረገች ትገፋዋለች። የምትከታተለን ነርስ ሲስተር ምሕረት ትባላለች። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ሳቅ የማታበዛ ሴት ናት። ጠዋትና ማታ እየመጣች ትጠይቀዋለች። ቀኑ ምንድን ነው? የት ነው ያለነው? ከመቶ በአሥር በአሥር እየቀነሱ ይቁጠሩ። ይህ ዕቃ ምን ይባላል? በመጨረሻም ደብተር ትሰጠውና አንድ ዓረፍተ ነገር ታስጽፈዋለች። አእምሮ መደናገር ሲጀምር ቀድሞ የሚያሳብቀው ንግግርና የእጅ ጽሕፈት ነው ብላ ነግራኛለች። ወንድሜ ብራና ሲጽፍ የኖረ ነውና ፊደሉ እንደ ማተሚያ ነው። ሌሎች ነርሶች ሳይቀሩ ደብተሩን ሊያዩ ይመጡ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ሲስተር ምሕረት እኔን ወደ ጎን ጠርታ “ከእኔ ይልቅ አንቺ ነሽ አብረሽው የምትውዪው። የተለየ ነገር ካየሽ ትንሽም ብትሆን ንገሪኝ” አለችኝ። “እሺ” አልኳት። በልቤ ግን፣ ይህን ሁሉ ማሽን ሰቅለው እኔ ምን ልነግራቸው ነው ብያለሁ።

የጾሙ ነገር አስቸጋሪ ሆነ። ንስሐ አባቱ በስልክ ፈቀዱለት፤ ሕመምተኛ ጾም የለበትም አሉት። ዶክተሯም ለመነችው። እሱ ግን ክኒኑን በሰዓቱ ሊውጥ ተስማማ እንጂ “ፈቃዱ ላልቻለ ነው፤ እኔ ገና እችላለሁ” ብሎ ረቡዕና ዓርብን አልነካም አለ። በመጨረሻ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ምስር፣ ሽምብራና ኦቾሎኒ አብዝቶ እንዲበላ ታረቁ። እኔ በግትርነቱ እናደድ ነበር።

መጀመሪያ ትኩሳቱ መጣ፤ ሁለት ቀን አንቀጥቅጦት አለፈ። ሁላችንም ክፉው ቀን ያለፈ መሰለን።

መድኃኒቱ በተጀመረ በሰባተኛው ቀን፣ ረቡዕ ነው። ጠዋት ሲስተር ምሕረት የጠየቀችውን ሁሉ በትክክል መለሰ። ስድስት ሰዓት ላይ ምሳ ሲታደል ለጎረቤት አልጋ የመጣች አንዲት ኩባያ ወተት ጠረጴዛችን ላይ ተቀመጠች። የአልጋው ባለቤት ለራጅ ወጥቶ ነበር። ወንድሜ እጁን ዘረጋ፣ ኩባያዋን አነሳ፣ ሳያማትብ ጭልጥ አድርጎ ጠጣት።

ክፍሉ በደስታ ተሞላ። የጾሙን ክርክር ያልሰማ አስታማሚ አልነበረምና አንዷ “እሰይ! መሪጌታ ተለመኑን!” ብላ እልል አለች። እኔም መጀመሪያ ደስ አለኝ። ወዲያው ግን ቀኑ ትዝ አለኝ።

“ወንድምዓለም፣ ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው” አልኩት።

ፈገግ አለና “እሺ” አለኝ።

ሊቆጣ ይችላል፤ ሊደነግጥ፣ አፉን ሊጉመጠመጥ ይችላል። “እሺ” ግን የእሱ አይደለም። ፊቱን አየሁት፤ ደህና ነው። ትኩሳት የለውም። ማሽኗም እንደ ወትሮዋ ትሠራለች። ተነሥቼ እስከ ነርሶቹ ጠረጴዛ ሄድኩና ተመለስኩ። እንደገና ሄድኩ፤ ተመለስኩ። ምን ብዬ ነው የምናገረው? በሽተኛ ወተት ጠጣ ብዬ? የዐረብ አገሯ እሺ ባይ ውስጤ ሆና ቁጭ በይ ትለኛለች። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለው ትዝ ሲለኝ ግን መቀመጥ አቃተኝ።

ሦስተኛ ስሄድ ሲስተር ምሕረት ከሁለት ወጣት ሐኪሞች ጋር ቆማ ትጽፋለች።

“ሲስተር፣ ወንድሜ ወተት ጠጣ” አልኳት።

“ተመስገን ነዋ!” አለ አንደኛው ሐኪም። ሁለቱም ሳቁ። እኔም አብሬ ልስቅና ልመለስ ምንም አልቀረኝም።

ሲስተር ምሕረት ግን አልሳቀችም። “ታዲያ ምን አስፈራሽ?” አለችኝ።

“ዛሬ ረቡዕ ነው። ወንድሜ ቢሞት ረቡዕ ወተት አይጠጣም።”

ብዕሯን አስቀመጠች። ወደ ክፍላችን ሄደች፤ ሐኪሞቹም ተከተሏት።

ጠየቀችው። ቀኑን ነገራት። ቦታውን ነገራት። ከመቶ እስከ አሥር ቆጠረ፤ ትንሽ ዘገየ እንጂ አልተሳሳተም። ደብተሩን ሰጠችውና ከልጅነቱ ጀምሮ የሚደግማትን አንዲት የጸሎት መስመር ጻፈላት። ፊደሉ አንድም አልተዛነፈ። ሐኪሙ ትከሻዬን መታ አድርጎ “ደህና ነው እህቴ፣ ርቦት ይሆናል” አለኝ። ያን ጊዜ የተሰማኝን ሃፍረት አልነግራችሁም።

“አንድ ነገር ብቻ” አለች ሲስተር ምሕረት። ጎንበስ ብላ “መሪጌታ፣ የጸሎቱን ሳይሆን፣ ዛሬ ጠዋት ማን እንደጠየቀዎት ይጻፉልኝ” አለችው።

ብዕሩን ያዘ። ብዙ አሰበ። ከዚያ ያችኑ የጸሎት መስመር ደግሞ ጻፋት።

“ሌላ ይጻፉልኝ፤ የእህትዎን ስም።”

ያችኑ መስመር ለሦስተኛ ጊዜ ጀመራት። ግማሽ ላይ ሲደርስ ጣቱ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ለካ ይጽፍ የነበረው እጁ ብቻ ነው፤ ሠላሳ ዓመት የለመደውን መንገድ ብቻውን ይሄዳል። እሱ ራሱ እዚያ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ሮጠ። ማሽኗ ቆመች፤ ዶክተሯ ደረሰች፤ ሌላ መድኃኒት በመርፌ ተሰጠው። አንድ ሰዓት ሳይሞላ መናገር አቃተው፤ መላ ሰውነቱ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ጽኑ ሕሙማን ክፍል አስገቡት። እኔ ውጭ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ፈጣሪን አንድ ነገር ብቻ ለመንኩ፤ ቢቆጣኝ፣ ለዓመት ቢያኮርፈኝ እንኳ ስሜን የሚያውቅ ወንድም ይመልስልኝ ብዬ።

ሐሙስም እንደዚያው ዋለ። ዓርብ ጠዋት አስገቡኝ። ዓይኑ ተገልጦ ጣሪያውን ያያል። እጁን ያዝኩት።

“ስንት ሰዓት ሆነ?” አለኝ በደከመ ድምፅ።

“ሦስት ሰዓት።”

“ቀኑስ?”

“ዓርብ።”

“በይ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ምስሬን አምጪልኝ” ብሎ ዓይኑን ጨፈነ።

ሲስተር ምሕረት በር ላይ ቆማ ነበር። ሳቅ የማታበዛዋ ሴት ግድግዳ ተደግፋ ስትስቅ አየሁ። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔስ መሳቄና ማልቀሴ ተቀላቅሎብኝ ነበር።

መድኃኒቱን ከቀናት በኋላ በትንሽ መጠን እንደገና ጀመሩለት። እንደማይቀጥል ገምቼ ነበር፤ እሱ ግን “ዘበኞቹ ገና ሌባውን መያዛቸው ነው” ብሎ ቀጠለ። ወር ሲሞላ መቅኔው ተመረመረ፤ ካንሰሩን ፈልገው አጡት። ዶክተሯ አሁንም ድኗል አላለችም። “ዛሬ የለም” ነው ያለችው። ከዚያ ወዲህ ተደጋጋሚ ዙር ወስዷል፤ በየሁለት ወሩ ይመረመራል፤ እስካሁንም የለም። ጉና ላይ ተማሪዎቹን እየተቆጣ ያስተምራል።

ስለዚያ ረቡዕ አንዳች አያስታውስም። የሆነውን ሁሉ ስነግረው ስለ ሞት አልጠየቀኝም። “ስንት ኩባያ?” አለኝ። አንድ ብቻ ነው ስለው ተረጋጋ። ከዚያ ትንሽ ቆይቶ “ነገሩ ሐሙስ ዕለት ሆኖ ቢሆንስ?” አለ።

ሐሙስ ወተት ቢጠጣ ማን ልብ ይለው ነበር? እኔም እልል ከሚሉት ጋር እልል ብዬ እቀር ነበር።

ይህን ለሲስተር ምሕረት በስልክ ነገርኳት። ከጊዜ በኋላ ለክትትል ስንሄድ ዶክተሯ አንድ አዲስ ወረቀት አሳየችኝ። መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት አስታማሚው ይጠየቃል፦ ይህ ሰው ጤነኛ ሳለ ፈጽሞ የማያደርገው ነገር ምንድን ነው? ሳያደርግ የማይውለውስ? “ይህን ያስጻፋችሁን እናንተ ናችሁ” አለች። በስምንተኛ ክፍል ትምህርቴ በሐኪም ወረቀት ላይ ገባሁ ማለት ነው።

በዚህ ዓመት አንድ ቀን እየሰፋሁ ሳለ ሲስተር ምሕረት ደወለች። ባሏን ይዛ ከእኛው አገር ገጠር የመጣች ሴት አለች፤ የወረቀቱን ጥያቄ ብትጠየቅ “እኔ ምን አውቄ” እያለች አልናገርም ብላለች፤ እስኪ አንቺ አናግሪያት አለችኝ። ስልኩን ሰጠቻት። ስለ ወንድሜ ነገርኳት። “እነሱ መድኃኒቱን ያውቁታል እታለም፤ ሰውየውን ግን ካንቺ በቀር የሚያውቀው የለም” አልኳት።

ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ “ነገርስ አይደለም...” አለች። “በግራው ሲበላ አይቼው አላውቅም። ዛሬ በግራው ጎረሰ።”

“ሂጂ! አሁኑኑ ንገሪያት!” ብዬ ጮህኩ። ልብስ ልትለካ የመጣች ደንበኛዬ በድንጋጤ ተነሥታ ቆመች።

ግማሽ ሰዓት ያህል መርፌ መያዝ አቃተኝ። ሲስተር ምሕረት መልሳ ስትደውል “ደህና ነው፤ ቀኝ እጁ ላይ መርፌ ተሰክቶበት ስላመመው ነው” አለችኝ። በሃፍረት ተኮማተርኩ። “በከንቱ አስሮጥኳችሁ” አልኳት።

“መቶ ጊዜ በከንቱ አስሩጡኝ” አለች። “አንድ ጊዜ ዝም እንዳትሉኝ ብቻ።”

ማታ ሴትዮዋን ይቅርታ ልጠይቃት በዚያው በሲስተር ምሕረት በኩል አገኘኋት።

“የምን ይቅርታ እታለም?” አለችኝ። “ሮጡ እኮ! ሦስት ሆነው ሮጡ። እኔ ተናግሬ ሰው ሲሮጥ ዛሬ ገና አየሁ።”

ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። እኔም ያን ረቡዕ ያየሁት ይህንኑ ነበር፤ ዛሬም መድኃኒቱንና ሐኪሞቹን ሳደንቅ አስቀድሜ የማስበው ያን ሩጫ ነው።